ሸራ ጣራ ያለው አሮጌ መኪና ውሃ ሲያስገባ፦ በማዝዳ ሚያታ ላይ ደረጃ በደረጃ የሚሠራ ጥገና

«ሚያታ ገዝቼ ነበር፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከወንበሩ ኋላ ውሃ ይተኛል። ሸራውን የት ላስቀይር?» ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደመለስኩ ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ጠያቂዎቼ አብዛኞቹ እንደኔ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የሚኖሩ ናቸው። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሸራውን ገና አትንኩት፤ መጀመሪያ የውሃ መውረጃዎቹን ክፈቱ። እኔ ራሴ በመጀመሪያው መኪናዬ ሸራውን ቀየርኩ፤ በሳምንቱ ዝናብ ሲጥል ምንጣፉ እንደገና ረጠበ። ብዙ ገንዘብና አንድ ሙሉ ቅዳሜ ከወጣ በኋላ ነው ችግሩ ሌላ ቦታ መሆኑ የገባኝ።

መመሪያው የተጻፈው ለመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ነው። አሜሪካ ውስጥ ሚያታ የሚባለው፣ ከ1990 እስከ 1997 ሞዴል ያለው፣ የፊት መብራቱ ሲበራ ከኮፈኑ ላይ ብቅ የሚለው ማለቴ ነው። መኪናችሁ ሌላ ከሆነ ቀዳዳዎቹ ያሉበት ቦታ ሊለይ ይችላል፤ የሥራው ቅደም ተከተል ግን ብዙም አይለይም።

ውሃው እንዴት እንደሚሄድ

ይህን ሳታውቁ ሥራ አትጀምሩ። በሸራው ላይ የወረደው ዝናብ ወደ ኋላ ይንሸራተትና ሸራው ከመኪናው አካል ጋር በሚገናኝበት ቦታ ወደ ውስጥ ይገባል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ የተሠራው እንዲሁ ነው። ከሸራው ሥር ከግራ እስከ ቀኝ የሚዞር የፕላስቲክ አሸንዳ አለ። ያንን ውሃ ተቀብሎ ወደ ሁለቱ ማዕዘኖች፣ የወንበር ቀበቶው ከሚወጣበት ግንድ አጠገብ፣ ይወስደዋል። በእያንዳንዱ ማዕዘን አንድ ቀዳዳ አለ፤ ከቀዳዳው የሚነሳው ቱቦ በአካሉ ውስጥ አልፎ ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት መሬት ላይ ያፈሳል።

ቱቦው በቅጠልና በአፈር ሲደፈን ውሃው ማዕዘኑን ይሞላል፤ ሞልቶም ይፈሳል። ከፊሉ ምንጣፉ ላይ ይወርዳል፤ ይህኛው ስለሚታይ ቶሎ ታውቁታላችሁ። ከፊሉ ግን የበሩ ደፍ ውስጥ ይገባል። ደፍ የምለው በሩን ስትከፍቱ ከእግራችሁ ሥር የሚታየውን፣ ውስጡ ክፍት የሆነውን የላሜራ ሳጥን ነው። ውሃው እዚያ ውስጥ ተኝቶ ላሜራውን ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ጣራው ሸራ በሆነ መኪና የአካሉን ክብደት የሚሸከሙት እነዚህ ደፎች ስለሆኑ፣ የደፍ ዝገት ቀለም በመቀባት የሚያልፍ ነገር አይደለም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- 10 እና 14 ቁጥር ቡሶላ ከማስረዘሚያው ጋር
- ጠፍጣፋና መስቀል ካቻቪቴ
- ክሪክ፣ እና ቢያንስ ሁለት የብረት መቆሚያ
- ወፍራም የሣር ማጨጃ ማሽን ክር (የፕላስቲኩ)፣ 1 ሜትር ተኩል ገደማ
- ትልቅ ሲሪንጅ (መርፌ የሌለው)፣ የአትክልት ማጠጫ ጎማ
- ውሃ የሚመጥ ቫኪዩም፣ ነፋሻ (ቬንቲሌተር)
- የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ ማግኔት፣ ጠመኔ፣ ቀጭን ወረቀት፣ ማስመሪያ
- የዛገ ብሎን የሚያላላ ዘይት፣ የሲሊኮን ግራሶ
- ለደፍ ውስጥ የሚረጭ ሰም፣ ከረጅም ቱቦው ጋር
- ጓንት፣ የዓይን መነጽር፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ

ሸራ ለመቀየር ከወሰናችሁ በተጨማሪ፦ አዲሱ ሸራ፣ ትራፓኖ፣ ሪቢትና የሪቢት መምቻ፣ ሙቀት የሚችል ማስቲሽ፣ ጠንካራ ሲባጎ።

አሠራሩ

1. ባትሪውን ፍቱ፤ ከዚያ ወንበሮቹን አውጡ። የሚያታ ባትሪ ያለው ኋላ፣ በዕቃ መጫኛው ቀኝ በኩል ነው። ኔጋቲቩን አስቀድማችሁ ፍቱ። እያንዳንዱ ወንበር በአራት ባለ 14 ቁጥር ብሎን ነው የታሰረው። ከማንሳታችሁ በፊት ከሥሩ ያሉትን ሽቦዎች ንቀሉ፤ በብዙዎቹ መኪኖች ራስ መደገፊያው ውስጥ ስፒከር ስላለ ሽቦው ወንበሩን ይዞት ይቀራል፤ በጉልበት ስትስቡት ይበጠሳል።

ወንበሮቹ ሳይወጡ ሥራውን መጨረስ የሚሞክሩ አሉ። አይቻልም አልልም፤ ግን ምንጣፉ ሳይነሳ ወለሉን አታዩትም፣ ወለሉ ሳይታይ ደግሞ ውሃው ከየት እንደመጣ በግምት ብቻ ነው የምትናገሩት።

2. መውረጃዎቹን ክፈቱ። ሸራውን ከፊት አላቁና ግማሽ ያህል ወደ ኋላ አንሱት። ከቀበቶው ግንድ ኋላ፣ በሁለቱም በኩል፣ ባትሪ አብርታችሁ ወደ ታች ተመልከቱ። ቀዳዳው ላይታያችሁ ይችላል፤ ምክንያቱም በላዩ ጭቃ ተኝቶበታል። እኔ ከአንዱ መኪና ያወጣሁት ከቡና አንቡላ አይለይም ነበር፤ ጥቁር፣ ረጥቦ የታመቀ፣ መሐሉ ላይ የጥድ ቅጠል እንደ ሣር ገመድ ተጠላልፎበት። በጓንት እጃችሁ ዝቃጩን አውጡ። የቀረውን ወደ ቀዳዳው አትግፉት፤ በቫኪዩም ምጠጡት።

አሁን የሣር ማጨጃውን ክር ጫፉን በእሳት ትንሽ አሙቁና አድቦልቡሉት። ሹል ጫፍ ቱቦውን ይወጋልና ነው። ከላይ ወደ ታች ቀስ እያደረጋችሁ አስገቡ፤ ሲያቆም አሽከርክሩት እንጂ አትውጉት። ከዚያ በሲሪንጁ ለብ ያለ ውሃ ጨምሩ። ሌላ ሰው ከኋላ ጎማው ፊት ተንበርክኮ ከታች ይመልከት፤ ውሃው በጠብታ ከወጣ ገና ነው፣ እየተንዠቀዠቀ ሲወርድ ተከፍቷል። ከታች በኩል ያለው ጫፍም በመንገድ ጭቃ ስለሚደፈን እሱንም በጣታችሁ ጥረጉ።

በላይ የጨመራችሁትንና በታች የወጣውን አወዳድሩ። ግማሽ ሊትር ገብቶ ጥቂት ብቻ ከወጣና ማዕዘኑ ላይ ምንም ካልተኛ፣ ቱቦው ከመቀመጫው ተነቅሏል ማለት ነው፤ ውሃው ደፉ ውስጥ እየገባ ነው። ወዲያው አቁሙና ቱቦውን መልሳችሁ አስቀምጡ፤ ከተቀደደም ቀይሩት።

*ማስጠንቀቂያ፦ በኮምፕሬሰር አየር አትንፉት፤ ሽቦም አታስገቡ። ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆነው ወይም ያለፈው ቱቦ በአየር ግፊት ከቦታው ይነቀላል። አንድ ጓደኛዬ መኪናውን ጋራዥ አስገብቶ በአየር አስነፋ፤ «ተከፍቷል» ተባለ፤ እውነትም ምንጣፉ ደረቀ። በዓመቱ ግን ግራው ደፍ በስቶ ተገኘ፤ ውሃው ከምንጣፉ ወደ ደፉ ነበር የዞረው።*

3. ምንጣፉን አውጡና አድርቁ። ላዩን ዳስሳችሁ «ደርቋል» አትበሉ። ውሃውን የሚይዘው ከሥሩ ያለው ወፍራም ስፖንጅ ነው፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ ለሳምንታት እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ ከወለሉ ላሜራ ጋር ተጣብቆ የሚውለውም እሱ ነው። ሁሉንም አውጥታችሁ ጨምቁ፣ በቫኪዩም ምጠጡ፣ ጥላ ባለበት ነፋሻ ፊት አቁሙት። ሁለት ቀን ትንሹ ነው።

ሻጋታ ካለው በሳሙናና በውሃ እጠቡት። በረኪና አትጠቀሙ፤ የምንጣፉን ቀለም ያጠፋል፣ ከወለሉ ጋር የቀረው ደግሞ ላሜራውን ያዝገዋል።

የ1.6 ሊትር ሞተር ላላቸው (አሜሪካ ውስጥ ከ1990 እስከ 1993 ሞዴል) አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ የሞተሩ ኮምፒውተር ያለው በተሳፋሪው እግር በኩል፣ ከምንጣፉ ሥር ነው። እዚያ ድረስ እርጥበት ከደረሰ መሸፈኛውን ፍቱና ሶኬቶቹ አረንጓዴ ዝገት እንዳልያዙ ሳታዩ ባትሪውን አትመልሱ።

4. ደፉን መርምሩ። መኪናው በአራት ጎማው መሬት ላይ እንዳለ በሩን ዝጉና በበሩና በኋላው አካል መካከል ያለውን ክፍተት ከላይም ከታችም በማስመሪያ ለኩ፤ ጻፉት። ከዚያ ክሪኩን ከኋላ ጎማው ፊት ባለው፣ ለክሪክ ተብሎ በተጠናከረው የደፉ ጠርዝ ላይ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ አንሱ። ጎማው ከመሬት ሲለቅ እንደገና ለኩ። ክፍተቱ በግልጽ ከተለወጠ፣ ወይም በሩ መከፈት እምቢ ካለ፣ ደፉ አቅሙን አጥቷል፤ መኪናው በራሱ ክብደት እየታጠፈ ነው። መልሳችሁ አውርዱት፤ ሥራው ከዚህ በኋላ የበያጅ ነው።

*ማስጠንቀቂያ፦ በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ሥር እጃችሁንም አታስገቡ። መቆሚያ አስገቡ፤ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ወይም በእንጨት አግዱ። የበሰበሰ ጠርዝ ክሪኩን ይውጠዋልና ስታነሱ ዓይናችሁን ከጠርዙ ላይ አትንቀሉ።*

ክፍተቱ ካልተለወጠ በካቻቪቴው እጀታ ከፊት ወደ ኋላ ደፉን እያንኳኳችሁ ሂዱ። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተበላው «ዱፍ» ይላል። የመጨረሻው አንድ ክንድ ያህል፣ ከኋላ ጎማው ፊት ያለው፣ ቀድሞ የሚሄደው ቦታ ነው፤ እዚያ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ማግኔቱንም አብራችሁ አስጠጉ፤ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው። ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት ቀዳዳውን በስቱኮ ሞልቶ ቀለም ቀብቶበት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለ ደፍ ከውጭ ሲታይ ያምራል፣ የሚሸከመው ግን ምንም የለም።

ቀዳዳ ካገኛችሁ ስቱኮ አትሙሉ፣ በሪቢትም ላሜራ አትደርቡ። የተበላው ተቆርጦ ወጥቶ አዲስ ላሜራ መበየድ አለበት። ለበያጁ ሁለት ነገር ንገሩት፦ ከመቁረጡ በፊት የበሩን ቀዳዳ ከፊት ወደ ኋላ በብረት ዘንግ ይደግፍ፤ መኪናውም ሲበየድ ክብደቱ በጎማዎቹ በኩል ይረፍ እንጂ መሐሉ ላይ አይንጠልጠል። ይህ ካልተደረገ አካሉ ተጣሞ እንዳለ ይበየድና በሮቹ ከዚያ በኋላ ልክ አይዘጉም።

ደፉ ጤነኛ ከሆነ ከታች ያሉትን ትናንሽ የውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎች በካቻቪቴ ጫፍ ክፈቱ። የበሮቹን የታች ጠርዝም እንዲሁ፤ በር ሲወዛወዝ ውስጡ ውሃ «ቸል ቸል» የሚል ከሆነ ቀዳዳው ተደፍኗል። ከፊት ጎማው ኋላ፣ በፓራፋንጎው ውስጥ፣ ቅጠልና ጭቃ ይከማቻል፤ የደፉ የፊት ጫፍ የሚበላው በዚያ ምክንያት ስለሆነ መሸፈኛውን ፈትታችሁ አጽዱት። እኛ ጋ በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን ይህን በየዓመቱ ሚያዝያ አካባቢ እሠራዋለሁ።

ሰሙን የምትረጩት ደፉ ውስጡ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ነው፤ በእርጥብ ላይ የተረጨ ሰም ውሃውን ከላሜራው ጋር ያሽገዋል። ረጅሙን ቱቦ እስከ መጨረሻው አስገቡና እየረጫችሁ ወደ ኋላ ሳቡት። ሲያልቅ የማስወጫ ቀዳዳዎቹን እንደገና ክፈቱ፤ ሰሙ ይደፍናቸዋል።

5. በውሃ ፈትኑ፤ ምንጣፉን ገና ሳትመልሱ። ባዶ ላሜራ ላይ እያንዳንዷ ጠብታ ትታያለች፤ ለዚህ ነው ቅደም ተከተሉን እንዲህ ያደረግኩት። ሸራውን አንሱና ከፊት ቆልፉት፣ መስኮቶቹን ዝጉ፣ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ። ወለሉና የጎማ ማሸጊያዎቹ አካባቢ ጠመኔ ፈጭታችሁ ነስንሱ፤ ውሃ የሄደበት መንገድ በዱቄቱ ላይ ተሰምሮ ይቀራል።

የማጠጫውን ጎማ በለሆሳስ ክፈቱ። ከታች ጀምሩና ወደ ላይ ውጡ፦ መጀመሪያ የበሩ ታች፣ ከዚያ የሸራው የኋላ ሥር፣ ከዚያ የኋላው መስኮት፣ የጎን መስኮቶች፣ በመጨረሻ የፊት መስታወቱ ራስ። በየቦታው አምስት ደቂቃ ቆዩ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ወርዶ ሁሉንም ያረጥበዋል፤ የትኛው እንዳስገባ መለየት አትችሉም። በኃይለኛ ግፊትም አትርጩ፤ ያ የመኪና ማጠቢያ እንጂ ዝናብ አይደለም፣ ጤነኛ ማሸጊያም ያሸንፋል።

ያገኛችሁትን እንዲህ ተርጉሙት፦

- ከቀበቶው ግንድ ሥር የሚወርድ ከሆነ፦ መውረጃው ገና አልተከፈተም፤ ወይም የፕላስቲክ አሸንዳው ተሰንጥቋል። አሸንዳው ሲያረጅ ብስኩት ይሆናል፤ በተለይ ማዕዘኖቹ ላይ ይሰበራል።
- ከመስኮቱ የላይ ጠርዝ ከሆነ፦ ቀጭን ወረቀት በጎማውና በመስታወቱ መካከል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎማው አልጫነም። ጎማው ያልተቀደደ ከሆነ አጥባችሁ የሲሊኮን ግራሶ ቀቡት፤ ብዙ ጊዜ ሕይወት ይዘራበታል። የነዳጅ ዘር ያለበት ግራሶ ግን ጎማውን ያሳብጠዋል።
- ዕቃ መጫኛው ውስጥ ከሆነ፦ የኋላ መብራቶቹን ማሸጊያ ተመልከቱ። ባትሪው አጠገብ ያለው ላሜራ ከተበላ ደግሞ የባትሪውን ዓይነት አረጋግጡ፤ ይህ መኪና የሚፈልገው ጋዙን በቱቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣ የታሸገ ባትሪ ነው። ተራ ባትሪ ከገባበት የአሲዱ ትነት ወለሉን ይበላል።

6. ሸራው እውነት ካረጀ ቀይሩት። ስፌቱ ከተተረተረ፣ ሸራው ከታጠፈበት ከተሰነጠቀ ወይም አሸንዳው ከተሰበረ ጊዜው ነው። አሸንዳው አብሮ የተገጠመበትን ሸራ ግዙ። አሮጌውን አሸንዳ ነቅሎ አዲሱ ሸራ ላይ መግጠም ሰዓታት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ያ ሁሉ ተደክሞ ደግሞ ሲታጠፍ ይሰበራል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ሙሉ ቀንና አንድ ረዳት ያዙ፤ ቀኑም ሞቃት ይሁን። ቀዝቃዛ ሸራ አይለጠጥም።

ሀ) በዋዜማው ከወንበሮቹ ኋላ ያለውን ምንጣፍ አንሱና በረድፍ የሚታዩትን 10 ቁጥር ዳዶዎች በሚያላላው ዘይት አርሱ። ዛሬ ካላራሳችሁ ነገ ብሎኑ ከአካሉ ላይ ይቆረጣል።

ለ) አዲሱን ሸራ ከመሥራታችሁ ሁለት ሰዓት በፊት ፀሐይ ላይ ዘርጉት።

ሐ) አሮጌው ገና በቦታው እያለ እያንዳንዱን መገናኛ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ሸራው ከፊት የሚለጠፍበትን የጣራ ዘንግ ትክክለኛ መሐል በጠመኔ ምልክት አድርጉ፤ የአዲሱንም ሸራ እንዲሁ። ሸራው አንድ ጣት እንኳ ወደ ጎን ከሄደ አንዱ መስኮት ላይ ይጠብቃል፣ ሌላው ላይ ይላላል፤ በኋላ ማስተካከያ የለውም።

መ) ዳዶዎቹን ፍቱ፣ ሦስቱን የብረት ጠፍጣፋዎች አውጡ፣ አሸንዳውን ከብሎኖቹ ላይ አንሱት። የጎማ ማሸጊያዎቹንና የተቀመጡበትን ሐዲድ ፍቱ። ሪቢቶቹን በትራፓኖ አውጡ፤ ራሳቸውን ብቻ ቆርጣችሁ ግንዱን ግፉት፣ ቀዳዳውን አታስፉ።

ሠ) በሸራው ሁለት ጎኖች ውስጥ ቀጭን የብረት ገመድ ያልፋል፤ ሸራውን መስኮቱ ላይ ወጥሮ የሚይዘው እሱ ነው። ስታወጡት ጫፉ ላይ ሲባጎ እሰሩበት። በአዲሱ ሸራም ጎን መጀመሪያ ሲባጎ አሳልፉና በእሱ ገመዱን ሳቡት፤ በጣት ለማስገባት የሚደረገው ትግል ስፌቱን ይቀድደዋል።

ረ) አዲሱን ከኋላ ጀምራችሁ ግጠሙ። አሸንዳው ብሎኖቹ ላይ ይቀመጥ፣ ዳዶዎቹን በእጅ ብቻ ያዙ። ከዚያ ፊቱን በመሐል ምልክቱ አገናኙ፣ ማስቲሹን በሁለቱም ወገን ቀቡ፣ ሲነኩት ጣት ላይ የማይቀር እስኪሆን ጠብቃችሁ ለጥፉ። በሩ ክፍት ይሁን፤ የማስቲሹ ሽታ ራስ ያዞራል። ሸራውን ከፊት ቆልፋችሁ ከተስተካከለ በኋላ ብቻ ሪቢቶቹን ምቱ፤ ዳዶዎቹንም ከመሐል ወደ ዳር አጥብቁ። ከዳር ከጀመራችሁ መሐሉ ላይ ሽብሽብ ይቀራል።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

የኋላው መስኮት ፕላስቲክ ከሆነ ዚፑን ሳይፈቱ ጣራውን ማውረድ። ፕላስቲኩ ይታጠፍና የታጠፈበት መስመር በዓመት ውስጥ ይሰነጠቃል። ዚፑን ፍቱ፣ መስኮቱን አጋድሙት፣ ከዚያ አውርዱ። በብርድ ደግሞ ጨርሶ አትንኩት።

ፕላስቲኩን አሞኒያ ባለበት የመስታወት ማጽጃ መጥረግ፣ ወይም አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ማሸት። የመጀመሪያው ያጨልመዋል፣ ሁለተኛው ይቧጭረዋል። ብዙ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ።

ውሃ የሚገባበትን ቦታ ሁሉ ሲሊኮን መለጠፍ። ውሃው መንገዱን ይቀይራል እንጂ አይቀርም፤ ቀጥሎ ሸራ የሚቀይረው ሰው ደግሞ ያንን ሁሉ መፋቅ አለበት።

መኪናውን ዛፍ ሥር ማቆምና ረስቶ መተው። የምታቆሙት ጥድ ወይም ሜፕል ሥር ከሆነ መውረጃዎቹን በጸደይና በመኸር መጨረሻ ተመልከቱ፤ በሲሪንጅ ውሃ መጨመርና ከታች ማየት ብቻ ነው፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

አዲሱ ሸራ ከገባ በኋላ ቢያንስ ሁለት ፀሐያማ ቀን ቆልፋችሁ ተዉት፤ እስኪወጠር አታውርዱት። መጀመሪያ ላይ የፊት መቆለፊያው ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ከቀን ወደ ቀን እየላላ ይመጣል። በሦስተኛው ቀን ማጠጫውን ጎማ እንደገና ከፍታችሁ 5ኛውን ደረጃ ድገሙ፤ ወለሉ ላይ የነሰነሳችሁት ጠመኔ ሳይነካ ካገኛችሁት ምንጣፉንና ወንበሮቹን መልሱ።